ከወባው ቻርት የተቆረጠችው ቁራጭ

ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ከደግነቱ ይጀምራል። እኔ ከክፋቴ ልጀምርላችሁና እንገላገል፤ ቁጡ አስተማሪ ነበርሁ። ጠመኔ ከወረወርሁ ግንባር አልስትም። ተማሪ ሲከራከረኝ ደሜ ይፈላል፤ በተለይ እውነቱ ከእሱ ጋር ሲሆን። ቡሬ ያሉት እናቴ «ይህ ቁጣህ አንድ ቀን ሰው ያስበላል» ይሉኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። እናት ምን የማትለው አለ!

ፍኖተ ሰላም ተመድቤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘመኑ የቀይ ሽብሩ ነው። ጠዋት አብራችሁት ቁርስ የበላችሁት ሰው ማታ «ተወሰደ» ይባላል፤ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት አስተማሪዎች ጠፍተውብናል። የቀረነው መንገድ ላይ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ዝናብ ብቻ ነበር። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ስለ ዝናብ እናወራ ነበር።

እኔን ግን ከፖለቲካው ይልቅ ያንገበገበኝ የመጽሐፍ ነገር ነው። በአንድ ክፍል ሃምሳ ስምንት ተማሪ፣ ሦስት መጽሐፍ! ሦስቱም ገጻቸው የተገነጠለ። ከልጆቹ ግማሾቹ የገጠር ናቸው፤ ሰኞ ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው ዓርብ ወደየቀያቸው የሚመለሱ። መጽሐፍ ተራ ጠብቀው ሊያነቡ ጊዜውም መብራቱም የላቸውም። ስለዚህ አንድ ዘዴ ዘየድሁ። ክፍሉን በቡድን ከፍዬ፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ምዕራፍ አንብቦ ፍሬ ነገሩን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በሥዕል እንዲያወጣው አደረግሁ። ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት ነው፤ የውስጠኛው ንጣፍ ተራግፎ ሲጠረግ ደህና ቡናማ ወረቀት ይወጣዋል። ጥቁሩን ከከሰል፣ ቀይና ሰማያዊውን ከእስክሪብቶ፣ አረንጓዴውን ከባቄላ ቅጠል ጭማቂ እናገኛለን። ቻርት እንለዋለን። በሁለት ወር ውስጥ የክፍሉ ግድግዳ መጽሐፍ ሆነ። ልብ፣ ሳንባ፣ የውሃ ዑደት፣ የኮሶ ትል ሳይቀር ከነጭንቅላቱ! ፈተና ሲደርስ ልጆቹ ከግድግዳ ግድግዳ እየዞሩ፣ ቀስቱን በጣታቸው እየተከተሉ ያጠናሉ። ውጤታቸው አደገ። ርእሰ መምህሩ ሳይቀሩ መጥተው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

አንድ ደንብ ነበረችኝ። ቻርት ላይ ጽሑፍ አልወድም። «ሥዕሉ ራሱ ይናገር! ጽሑፍ የሰነፍ ሠዓሊ ምርኩዝ ነው» እላለሁ። ከየት እንዳመጣኋት እንጃ፤ ስናገራት ግን ደስ ትለኝ ነበር።

ትርንጎ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። አገሯ ሸንበቆ ነው፤ ከከተማው ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ፣ ብር ወንዝ ዳር ያለ መንደር። ዝምተኛ ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች ግን አትለቅም። የወባ ምዕራፍ ለእሷ ቡድን ደረሰ። ጓደኞቿ የመጽሐፉን ትንኝ ሲገለብጡ እሷ ቅዳሜና እሑድ ቤት ለቤት ዞራ ጠይቃ የራሷን መንደር ሥላ መጣች።

በሰማያዊ የተጠማዘዘ ወንዝ። ከወንዙ አጠገብ በከሰል የጠቆረ ረግረግ። ከዚያ በቀይ የተሠሩ ሰባት ክቦች። በዚያ ኅዳር ወባ ጥሏቸው ለአጨዳ መውጣት ያቃታቸው የሰባት አባወራዎች ቤት ነው። ከረግረጉ አንድ ቀስት ይነሣና አጠገቡ ወዳለው ቤት ይገባል፤ ከዚያ ቤት ደግሞ ስድስት ቀስቶች ወጥተው ወደ ስድስቱ ይበተናሉ። ትንኟ ያኛውን ሰው ነክሳ በሽታውን ለሌሎቹ እንዳደረሰች ለማሳየት ነው። ያ የመጀመሪያው ቤት የአባቷ የአያ ዘለቀ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳየው ዕንባዬ መጣ።

ጤና ጣቢያ የሚሠራ ድሬሰር ወዳጅ ነበረኝ። የወባ ኪኒን ስጠኝ ብዬ ለመንሁት። ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ሰጠኝ። ለማን ልስጠው? ቻርቱን አየሁ። ቀስቱ ሁሉ የሚነሣው ከአያ ዘለቀ ቤት ነው፤ ምንጩ ይድረቅ አልሁና ቅዳሜ ዕለት ቻርቱን ጠቅልለን ከትርንጎ ጋር ሸንበቆ ወረድን።

አያ ዘለቀ ረጅም፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። የአዊ ተወላጅ ናቸው፤ ሲናደዱ በአገውኛ፣ ሲቀልዱ በአማርኛ ነው። ያን ቀን ከትኩሳቱ ገና መነሣታቸው ነበር። ልጃቸው ቻርቱን መደቡ ላይ ዘርግታ ስታሳያቸው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይህች ቤቴ ናት? እንዴ! ጎጆዬን ሰፌድ አስመሰልሻት!»

«አባየ፣ ቀይ የሆነው ስለታመሙ ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ አስተማሪ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «እንግዲህ ቤቴን በሽተኛ ብላችሁ ይዛችሁ እንዳትቀሩ።»

«ከዳኑ አረንጓዴ እቀባልዎታለሁ» አለች ትርንጎ።

አያ ዘለቀ ኪኒኑን ዋጡ፤ ምርር ሲላቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሉ፤ ትርንጎ አልተረጎመችልኝም። በሁለት ሳምንት ድነው ማጭዳቸውን ስለው አጨዳ ገቡ። ትርንጎም ቃሏን ጠበቀች፤ የአባቷን ክብ በአረንጓዴ ደርባ ቀባችው። ግን ሌላም ነገር አደረገች። ከቻርቱ ግርጌ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈቷ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የሸንበቆ መንደር ወባ። ቀይ ክብ፦ የታመመ። አረንጓዴ ክብ፦ ኪኒን ውጦ የዳነ። ቀስት፦ ትንኝ የሄደችበት መንገድ።»

ክፍል ገብቼ ሳየው ቱግ አልሁ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መግለጫ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ምን ብዬ ነበር?»

«ሥዕሉ ራሱ ይናገር ብለዋል።» ዝም ትላለች ብዬ ስጠብቅ ቀጠለች። «ግን ጋሼ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ካላስረዳሁ ማን ያውቀዋል? ሌላ ሰው ቢያየው ሌላ ነገር ይመስለዋል።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። በእሷ አልነበረም የሳቁት፤ በእኔ ነበር። ልክ እንደሆነች እኔም አውቄዋለሁ፤ ለዚህ ነው ደሜ የፈላው። መቀሱን ከጠረጴዛው አነሣሁና እጇ ላይ አስቀመጥሁት።

«ቁረጪው!»

«ጋሼ...»

«ቁረጪው አልሁ!»

ቆረጠችው። ስፋቷ ከአራት ጣት የማይበልጥ ቁራጭ ናት። ትጥላታለች ብዬ ስጠብቅ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተቻት። «እልኸኛ!» አልሁ በልቤ። ቻርቱንም ግድግዳው መኻል፣ ከልብና ከሳንባ መካከል ሰቀልሁት።

በሳምንቱ ረቡዕ የቀበሌው ካድሬ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ትምህርት ቤት ሊጎበኝ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆች አሉት፣ ልጆቹ ምን አደረጉ? ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁን የማያነሣ። የኮሶ ትሉን አይቶ ሳቀ። ሳንባውን አደነቀ። የትርንጎ ቻርት ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይህስ?»

«የወባ ቻርት ነው፣ ጓድ።»

«ወባ የሚል የት አለ?»

«አይልም... ሥዕሉ...» አልሁና ቀሪውን ዋጥሁት።

ጣቱን አውጥቶ ቀስቶቹን ተከተለ፤ ልክ እኔ ተማሪዎቼን እንዳስተማርኋቸው። «ወንዝ» አለ። «መሸሸጊያ። አንድ አለቃ፤ ለብቻው በሌላ ቀለም። ከአለቃው ሥር ስድስት ሰዎች። ስድስቱ እርስ በርሳቸው አይገናኙም፤ የሚገናኙት በእሱ በኩል ብቻ ነው። ጓድ መምህር፣ ይህን እኔ ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ። ይህ የአናርኪስት መዋቅር ነው። ማን ሠራው?»

ትርንጎ ከመቀመጫዋ ብድግ ልትል ስትል አየኋት።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

በሕይወቴ ከሠራኋቸው ጥቂት ደግ ነገሮች አንዷ ይህች ናት። ቆጥባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ልትጠፋ ነው።

ቀበሌው ግቢ ከመጋዘኑ ኋላ ወሰዱኝ። ወፌ ላላ የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። እጅን ከጉልበት ሥር አሳልፎ ማሰር፣ በመካከሉ እንጨት ማስገባት፣ እንጨቱን ሁለት ጠረጴዛ ላይ ማጋደም። ጭንቅላት ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ የውስጥ እግር ወደ ሰማይ ይዞራል። ከዚያ በጎማ ይገረፋል። መጀመሪያ ላይ ትቆጥራላችሁ። ከአሥር በኋላ መቁጠር አይቻልም። አፌ ውስጥ የከተቱት ጨርቅ የሲሚንቶ ሽታ ነበረው፤ ያን ያህል አስታውሳለሁ። ውስጥ እግሬ ተተልትሎ ደሙ በባቴ ወደ ጭኔ፣ ከጭኔ ወደ ሆዴ ሲወርድ ይሞቀኛል። ስጮኽ የራሴ ድምፅ አልመስል አለኝ።

ጨርቁን አወጡት። ካድሬው ወንበር ስቦ ጭንቅላቴ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሰባቱ ክቦች እነማን ናቸው?»

እስኪ እናንተ ፍረዱኝ። እኔ ምን አሰብሁ? እውነቱ ወባ ነው፤ ወባ ወንጀል አይደለም፤ ሰዎቹን ቢያገኟቸው በሽተኞች መሆናቸውን አይተው ይለቋቸዋል፣ እኔንም ይለቁኛል አልሁ። ይህን አሰብሁ እንጂ፣ ሐቁን ከነገርኋችሁ፣ እግሬ ነው የተናገረው። ትርንጎ የነገረችኝን ሰባቱንም ስም ጠራሁ። ቻርቱ ላይ አንድም ስም አልነበረም፤ እኔ ነኝ የጨመርሁት። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

ሐሙስ ጠዋት ሰባቱንም የፊጥኝ አስረው አመጧቸው። እኔ መጋዘኑ ውስጥ ተኝቼ ነበር፤ መቆም አልችልም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገቡት አያ ዘለቀ ናቸው፤ ረጅም ስለሆኑ ጎንበስ ብለው። ከኋላቸው ይልማ የሚባል ጎረቤታቸው ሲገባ «እኛ ምን አደረግን?» አለ። ጠባቂው በጠመንጃ ሰደፍ አፉን አለው። ሁለት ጥርሱ መሬት ላይ ሲወድቅ ኳ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ተራ በተራ እየወሰዱ ገረፏቸው። አንዱ ሲመለስ ሌላው ይሄዳል። ስድስቱ «አናውቅም፣ ገበሬዎች ነን» አሉ። አያ ዘለቀ ሲገረፉ በአገውኛ ይሳደቡ ነበር፤ ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ ይመጣል።

እኩለ ቀን ላይ ካድሬው ቻርቱን ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። እኔ ያኔ በክርኔ ተደግፌ ጮኽሁ።

«ጓድ! ወባ ሰው አይደለም፣ አይዋሽም! ቀን እየዘለለ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቁ። ሰዎቹ ብርድ ብርድ ብሏቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ካልተንቀጠቀጡ እኔን ግደሉኝ!»

ካድሬው ራሱን ዘንበል አድርጎ አሰበ። ነገሩን የወደደው ይመስላል።

«ሳይንስ ነው የምትለው?»

«ሳይንስ ነው!»

«ጥሩ። ሳይንስህን እናያለን። የተንቀጠቀጠ በሽተኛ ነው፣ ቤቱ ይገባል። ያልተንቀጠቀጠ ወንዝ ይወርዳል።» ወንዝ መውረድ መረሸን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

በሩ ተዘጋ። እኔም እፎይ አልሁ። የተናገርሁት ምን እንደሆነ የገባኝ አያ ዘለቀ ከማዕዘኑ ሆነው፣ በእርጋታ፣ «አስተማሪ፣ እኔስ?» ሲሉኝ ነው።

እንግዲህ ሰው ወባን ና፣ ና እያለ ሲለምን ያየ ማን አለ? እኛ ለመንን። ስድስት ገበሬዎች ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው በሽታቸውን ይጠብቃሉ። «አንተ ትናንት ነበር የያዘህ?» «አይ፣ ከትናንት ወዲያ።» «እንግዲያስ ዛሬ ነው፣ አይዞህ!» ይባባላሉ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የይልማ መንጋጋ መንገጫገጭ ጀመረ። ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ መላ አካሉ። ደም በሞላው አፉ እየሳቀ «መጣችልኝ! መጣችልኝ!» አለ። ያን ቀን ሦስት ሰዎች ተንቀጠቀጡ። ጠባቂዎቹ ግንባራቸውን ነክተው ለካድሬው ነገሩት። ቀሪዎቹ ሦስቱ ለዓርብ ደረሱ፤ ፀሐይ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ስትግል እነሱ በብርድ ይንዘፈዘፉ ነበር።

አያ ዘለቀ አልተንቀጠቀጡም። በግርፋቱ ጀርባቸው ተተልትሏል እንጂ ጤነኛ ነበሩ። እኔ አድኛቸው!

እየተሳብሁ አጠገባቸው ሄድሁ። «አያ ዘለቀ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይንቀጥቀጡ! ጥርስዎን ያንገጫግጩ! ብዙ አይመረምሩም።»

አዩኝ። «ልጄ አረንጓዴ ቀብታኝ የለ?»

«ቀብታለች፣ ግን...»

«አባቴ ድኗል ብላ ቀባችኝ። አሁን እኔ ተንቀጥቅጬ ያን ወረቀት ውሸት ላድርገው? አንዱ ክብ ውሸት ከሆነ፣ አስተማሪ፣ የእነዚህስ ስድስቱ ምን ይሆናል?» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ። «ደግሞ ወረቀቱን የሠራሁት እኔ ነኝ ብለሃል አሉ። ልጄን ስላልጠራህብኝ እግዜር ይስጥህ። ያን ይዘህ እለፍ።»

እጃቸውን ይዤ አለቀስሁ። ታላቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ስለ እኔ ያዝናል፤ የገደልሁት እኔ!

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ካድሬው ገባ። ስድስቱን እያንዳንዳቸውን አየ። የትናንቶቹን ሦስቱን ጠባቂዎቹ ነግረውታል፤ የዛሬዎቹን አንገታቸውን በእጁ ነካ፤ ትኩሳቱ ያቃጥላል። «እውነትም በሽተኞች ናቸው» አለ። ከዚያ አያ ዘለቀ ፊት ቆመ፤ እሳቸውም ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። አንገታቸውን ነካ።

«አንተ ደህና ነህ።»

«ደህና ነኝ። ልጄና አስተማሪዋ አድነውኛል።»

«ጓድ!» አልሁ ከመሬት። «አረንጓዴው እኮ የዳነ ማለት ነው! ኪኒን ሰጥቻቸው ነው!»

«የዳነ ማለት ነው የሚል የት ተጽፏል?»

የተጻፈበት ቁራጭ ትርንጎ ደብተር ውስጥ ነበር።

ቻርቱን ፊቴ ላይ ዘረጋው። «እንደ ነገርኸኝ ሳይንስህን አየሁ። ስድስቱ ታመዋል፤ ይህ ግን ጤነኛ ነው። ቀስቱ ሁሉ ደግሞ የሚወጣው ከዚህ ከጤነኛው ነው። በሽተኞቹን ሰብስቦ፣ በበሽታቸው ተሸፍኖ የሚያደራጃቸው እሱ ነው። ወባ ያልያዘው ሰው ወባ ቻርት ላይ ምን ይሠራል?»

ሁለት ሆነው ወሰዷቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ማለት ረሱና ግንባራቸውን መቃኑ መታቸው። «ኧረ ቤታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ!» አሉ። የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነው። ከመጋዘኑ ጓሮ ወደ ወንዙ የሚወርድ ቁልቁለት አለ። አንድ ጥይት፣ ቆየት ብሎ ሌላ። ይልማ ከተኛበት ቀና ብሎ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ይላል።

ከዚያ በኋላ ነው ግቢው በር ላይ ጩኸት የሰማሁት። የልጅ ድምፅ ነው። ለካ ትርንጎ ከጠዋት ጀምራ በሩ ላይ ቆማ ኖራለች! እኔ በተወሰድሁ ዕለት ደንግጣ ወደ መንደሯ ተመልሳ ነበር፤ ሐሙስ ስንቅ ያመጡ ሴቶች «ሥዕሉን የሽፍታ ካርታ ነው አሉት፤ አረንጓዴው አለቃቸው ነው ይላሉ» ብለው መንደር ሲያወሩ ሰምታ፣ ደብተሯን ይዛ ገሥግሣለች። ከጠዋት ጀምራ «ለጓድ የማሳየው ወረቀት አለኝ» ትላለች፤ ዘበኛው «ሂጂ ወዲያ» እያለ በጥፊ ይመልሳታል። ጥይቱ ሲተኮስ ዘበኛው ራሱ ደነገጠና በሩን ለቀቀው መሰለኝ። እየሮጠች ገባች። ከንፈሯ አብጧል። ያቺን ቁራጭ በሁለት እጇ ይዛለች።

ካድሬው ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ተቀበላት። ቻርቱን መሬት ላይ ዘረጋው፣ ቁራጯን ከግርጌው አስጠጋት። ልክ ገጠመች። መቀሱ ያዛነፈው ጠርዝ እንኳ ከጠርዙ ጋር ገጠመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። «የሸንበቆ መንደር ወባ... ቀይ ክብ የታመመ... አረንጓዴ ክብ፣ ኪኒን ውጦ የዳነ።» ሁለት ጊዜ አነበበው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«አባቴን ይልቀቁልኝ» አለች ትርንጎ። ጥይቱ ምን እንደነበር ገና አልገባትም።

ካድሬው እሷን አላያትም። እኔን አየኝ። «እንግዲያ ለምን ቆረጣችሁት?» አለ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ሦስት ቃል ነው፤ እኔ ነኝ ያስቆረጥሁት። እግሬን አየሁት። እንጨቱና ጎማው ግድግዳው ላይ ተደግፈው ይታዩኛል።

«እኔ ነኝ የቆረጥሁት» አለች ትርንጎ።

እኔም ዝም አልሁ። ሰማችሁኝ? ዝም አልሁ! ረቡዕ ዕለት «እኔ ነኝ» ያልሁት ሰውዬ ዓርብ ዕለት የለም። ካድሬው ልጅቱን ትከሻዋን ይዞ ገፋ አደረጋትና «ልጅ ናት፣ አውጧት» አለ። ቁራጯን ይዛ ወጣች። ቻርቱ እነሱ ዘንድ ቀረ።

በዚያች ቁራጭ ምክንያት ማታውኑ ስድስቱም እኔም ተለቀቅን። አያ ዘለቀን ማልቀስ ክልክል ነው ተባለ። ሬሳቸውን አልሰጡም። ይልማና ጎረቤቶቹ ከነሕመማቸው ሌሊቱን እየተደጋገፉ ሸንበቆ ገቡ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ሁለት ወር በእጄና በጉልበቴ ሄድሁ። ከዚያ ዝውውር ጠይቄ መራዊ ገባሁ። ትርንጎ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼ ቻርት መሥራት አላቆሙም፤ አላስቆምኋቸውም፣ ምክንያቱም ይሠራል፣ ልጅ በገዛ እጁ የሣለውን አይረሳም። ግን የመጀመሪያው ሥራ ግርጌው ነው። ባዶ ወረቀት ላይ ቀድሞ ርእሱ፣ የቀለሙ ትርጉም፣ የቀስቱ ትርጉም ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥዕሉ። «ጋሼ፣ ግልጽ ነው እኮ» የሚለኝ ተማሪ ሲኖር «ለማን?» እለዋለሁ። እናንተም አስተማሪ ከሆናችሁ፣ ተማሪ ሲከራከራችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ልክ ይሆን እንዴ በሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ። እያደር እስኪጠራ በሕይወት የማይቆዩ አሉ።

ይህን የምጽፈው ግን ለምክር አይደለም። ቁጣዬ ከዚያን ቀን ወዲህ ጥሎኝ ሄዷል፤ እናቴ ከመሞታቸው በፊት «ምን ነካህ፣ በገመድ ብትጎተት አትቆጣም» ይሉኝ ነበር። የማይሄድ ሌላ ነገር ነበር የያዘኝ። ባለፈው ክረምት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከሽንዲ ሊጠይቀኝ መጣ። ትርንጎ እዚያ አግብታ ልጆች ወልዳ እንደምትኖር ነገረኝ። ቁራጯን በፕላስቲክ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጠች አይቷል። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ትላለች» አለኝ። «አባቴን የገደልሁት እኔ ነኝ፣ በመቀስ ትላለች።»

ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ትርንጎ፣ ይህ ጽሑፍ ቢደርስሽ፣ ካልደረሰሽም የሚያውቅሽ ሰው ያንብብልሽ። መቀሱን ያቀበልሁሽ እኔ ነኝ። አንቺ «ጋሼ» ብለሽ ስትለምኚ «ቁረጪው» ያልሁሽ እኔ ነኝ። ካድሬው ሲጠይቅ አፌ ላይ የነበረውን ቃል የዋጥሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ልጅ ሆነሽ ስትሸከሚው ዝም ብዬ አየሁሽ። አንቺ ጠብቀሽ ያቆየሻት ቁራጭ ስድስት ሰው አድናለች፣ ሰባተኛ እኔን። ያን ቀን በክፍሉ ሁሉ ፊት ልክ ነበርሽ፤ ልክ ነሽ ልልሽ ይገባ ነበር።